ቅቤ የነካው ጥይት

በዚያ ቀን እቤታችን የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ባለቤቴ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው፤ የበኩር ልጄ፣ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድም የሆናት፤ ከደጋ የወረደ አንድ ጥይት ሞይ፣ ማለት ባዶ ቀለህ እንደገና የሚሞላ ሰው፣ ክርስቲያን ነው፤ ጎረቤታችን እትዬ፣ ደጃፋችን ላይ ከተሰጣው ማሽላ ዶሮ የሚከለክሉ ባልቴት፤ አምስተኛዋ እኔ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ሄዷል። እሱን ከቤቱ ሰው አልቆጥረውም፣ ግን ነበረና ልተወው አልችልም። ከአምስታችን ሦስቱ ሞተዋል። እኔ አለሁ። የአንዷን ነገር አላውቅም።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ቁርአን ቤት ተቀምጫለሁ፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ስለዚህ የሆነውን እንደ አካሄዱ ከመጻፍ በላይ አልሞክርም። የምጽፈውም ስለ ጥይት አጠባና ስለ ጥይት ቅባት ነው። ሰው ከእኔ ዓይነት ሴት የሚጠብቀው ነገር አይደለም፣ ግን የማውቀው እሱን ነው።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን ይዞ መንገዱን ሲያስቆፍር፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ገበያ ላይ ተለፈፈ። ባለቤቴ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃቸውን አስረከቡና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ሲጠየቅ ቶሎ እንዲገኝ ብዬ ወረቀቱን በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ሽጉጡን ግን አላስረከቡም። ሽጉጡ በነጋዴነታቸው ጊዜ ወደ አዋሽ ወርደው በቡና የለወጡት፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ ጥቁር ባሩድ የሚበላ ያረጀ ነገር ነበር። የእጀታው አንድ ወገን ተሰብሮ በበሬ ቀንድ አስጠግነውታል። በቁርበት ጠቅልለን ማሽላ የምናኖርበት ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። እኔ በየቀኑ ወደዚያ ጉድጓድ ላለማየት እታገል ነበር። እኔ ካየሁ ሌላውም ሰው የሚያይ ይመስለኛል።

የልጄ ባል ጫካ ገብቶ ነበር። እሷ እኛ ጋ ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ ከደጋ የሚመጣውን ወረቀት ቆላ ላሉት አርበኞች ማድረስ ጀመረች። ወንድ መንገድ ላይ ይፈተሻል፤ ጨው የተሸከመች ሴት ብዙ ጊዜ አትፈተሽም። ብዙ ጊዜ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ከእሷ በፊት ይህንኑ ሥራ የምትሠራ ሴት ጀውሃ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ተያዘች። የፊጥኝ ታስራ ወደ ጣሊያን ሰፈር ተወሰደች። እዚያ የሆነችውን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም። ልጄ ወሬውን በሰማች ማግስት አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ እኔ በእጅ አልያዝም። ሽጉጡን ስጡኝ።»

ባለቤቴ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ከዚያ «ውሰጂ» አሉ። እኔ አትሂጂ አላልኩም፤ ብላትም አትሰማኝም። የጠየቅሁት «ይተኩሳል ወይ?» ብዬ ነው።

ሽጉጡስ ይሠራል። ጥይት ግን አልነበረውም። የነበረን ዐሥራ ሁለት ባዶ ቀለህ ነው፤ ባለቤቴ በየሠርጉ ተኩሰው ተኩሰው የቀረ። አዲስ የሚገኝበት ቦታ አልነበረም፣ የጣሊያን ጥይትም አይገጥመውም። ያለውን አጥቦ እንደገና ማስሞላት ብቻ ነው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ አንዱን እንኳ ተኩሰን መሞከር አንችልም፤ ድምፁ ጣሊያን ሰፈር ድረስ ይሰማል። ይተኩስ አይተኩስ የሚታወቀው ልጄ ስትቸገር፣ በዚያች ሰዓት ነው። እንቢ ካለ በእጅ ትያዛለች።

አንዱን ቀለህ ለልክ ብለን አስቀድመን ወደ ደጋ ልከን ነበር። እሱ እስኪመለስ ድረስ የቀሩትን ዐሥራ አንዱን በየጊዜው እቆጥር ነበር። ጥይት ሞዩ የመጣው በገበያው ዋዜማ ነው። ዐሥራ ሁለተኛውን ቀለህ መለሰልኝ። በልኩ ያፈሰሰውን እርሳስ፣ ባሩድ በትንሽ የፍየል ቀንድ፣ የሽጉጡ መርፌ የሚመታቸውን ትንንሽ የመዳብ ቆቦች በጨርቅ ቋጥሮ፣ ለሰም ደግሞ አንድ እስር ጧፍ ይዟል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ጣቶቹ ግን የሽማግሌ ጣት ይመስሉ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቀለሆቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ውስጣቸው ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል፣ ውጫቸው አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል።

«እትዬ፣ ይህ መቼ ነው የታጠበው?»

«ታጥቦ አያውቅም» አልኩት።

«የጥቁር ባሩድ ጠላቱ የራሱ ጥላሸት ነው። እርጥበት ይስባል፣ ናሱን ይበላዋል። ሳይጠራ ብሞላው አዲሱንም ባሩድ ያበላሸዋል።»

«አባ በየሠርጉ ሲተኩሱ ማጠቡን ረስተውት ነው» አለች ልጄ።

«በሠርግ ቀን እጅ ይታጠባል እንጂ ቀለህ ይታጠባል?» አሉ ባለቤቴ።

አጠባው ለእኔ ወደቀ። በፈላ ውሃና በእንዶድ አጠብኳቸው። ጥላሸቱ ለቀቀ፣ አረንጓዴው ግን እንዳለ ነው። ጥይት ሞዩ ሎሚ ጠየቀ። ሎሚ አልነበረንም። እኔ የናስ ሳህን የማጠራው በሮቃ ነው፤ ፍሬውን ዘፍዝፌ ኮምጣጣውን ውሃ አጠለልኩለት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«የቆላ ሎሚ ነው» አሉ ባለቤቴ። «ዛፉ ሙቀት ይወዳል። እናንተ ዘንድ ቢተከል በብርድ ያለቅሳል።»

ከሮቃው ውሃ ሲወጡ ቀለሆቹ ወርቅ መሰሉ። ውስጣቸውን የሚደርስበት ነገር ስናጣ ልጄ መፋቂያዋን ከአፏ አውጥታ ሰጠችኝ። ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ለቀለህ ልኩ ነው፤ እሱን እያዞርኩ ፋቅኋቸው። እትዬ ከደጅ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

«ጥርሱን ፍቆ የማያውቅ ባንዳ አገሩን ሞልቶት፣ አንቺ የጥይት ጥርስ ትፍቂያለሽ!» አሉ።

ሦስት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኋቸው። ሦስት አድርጊ ያለኝ የለም፤ ለሶላት ስታጠብ፣ ውዱእ ላይ የለመድኩት ይሆናል። ከዚያ መድረቅ አለባቸው። የጠራ ናስ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ ደጃፍ ሰሌኑ ላይ ከተሰጣው ማሽላ ሥር ቀበርናቸው። በሮቢት ፀሐይ በጋለ ማሽላ ውስጥ የማይደርቅ ነገር የለም።

ቀጥሎ ቅባቱ መጣ። ጥይት ሞዩ እንዳስረዳን፣ እርሳሱ ካልተቀባ ጥላሸቱ የሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ይደርቅና የሚከተለውን ጥይት ያስቸግራል። ከተቀባ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። እነሱ አገር ሰምና የበግ ሞራ እኩል አቅልጠው ነው የሚቀቡት። እኔ ከጓዳ የበግ ሞራ አመጣሁ። እሱ ግን እጁን አልዘረጋም።

«ማን ያረደው ነው፣ እትዬ?»

«የኛው ሰው ነዋ።»

ሰውዬው አፈረ። «አትቀየሙኝ ጋሼ» አለ ወደ ባለቤቴ ዞሮ። «ስሞላ እርሳሱን በከንፈሬ ይዤ ነው። ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ አንዱ ቀለሁን ይይዛል፣ አንዱ ባሩዱን። እና የእስላም ሞራ በአፌ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አንተ ያረድከውንም እኛ አንነካም፤ እኩል ነን። ሞራ የግድ ነው ካልክ ከዓይኔ ላይ ውሰድ። ይህን ያረደው የለም።»

ልጄ ስትስቅ ዓይኗ ያነባል። ያን ቀን እያነባች ሳቀች። እሱም ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ያዋጣን የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሰሊጥ አራጅ የለውም። ጧፎቹን ክራቸውን እየመዘዘ ሰሙን በሸክላ አቀለጠ፣ ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረገበት፣ እያቀዘቀዘ በጣቱ ሞከረው። ባለቤቴ «የቤተ ክርስቲያን ሰም ነው?» ብለው ጠየቁት። «ያልበራ ነው» አለ። በዚህ ተስማሙ። ከዚያ ለእኔ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«እትዬ፣ አገራችሁ ምድጃ ነው። ሰሙን ያበዛሁት ለዚህ ነው። ለስላሳ ቅባት እዚህ ይቀልጥና ወደ ባሩዱ ይገባል። ቅባት የጠጣ ባሩድ ጭቃ ማለት ነው። ቅቤ አጠገቡ እንዳይደርስ።»

«አይደርስም» አልኩት።

ሰሙ ገና እሳት ላይ እያለ ነው ያ ስድስተኛው ሰው የመጣው። ለጣሊያን ያደረ ያገራችን ሰው ነው፣ በበቅሎ ተቀምጦ። ጥይት ሞዩ ጓዳ ገባ። እኔ እሳቱን ጋርጄ ቆምኩ። ሰውዬው ከበቅሎው ሳይወርድ አየሩን አሸተተ።

«ምንድን ነው እዚህ ቤት የሚሸተው?»

«ቅባት ነው» አሉ እትዬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ።

«የምን ቅባት?»

«የቁርጥማት። እስቲ ወረድ በልና ጉልበቴን እሸኝ፤ አንተም እኮ ሴት ነች የወለደችህ።»

«ይተዉኝ እናቴ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ሥራህንማ እናውቀዋለን። ይቺ በቅሎህ ግን ምነው? የጣሊያን ቀለብ አልበቃት ብሎ ነው በሰው ማሽላ የምትገባ?»

እውነትም በቅሎዋ አፏን ማሽላው ውስጥ ከታ ነበር። በከንፈሯ ገፋ ስታደርገው የአንድ ቀለህ አፍ ብቅ ሲል አየሁ። እትዬም አይተዋል፤ በእጃቸው የያዙት አርጩሜ ቆመ። ልጄ በቅል ውሃ ይዛ ወጣች። በአንድ እጇ ልጓሙን ይዛ የበቅሎዋን ራስ አዞረች፣ በእግሯ ማሽላውን ቀለሁ ላይ መለሰችበት፣ ውሃውንም «ይጠጡ» ብላ አቀበለችው። ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

«ሂድ፣ ጉልበቴ ግን ታዝቦሃል!» አሉት እትዬ ከኋላው።

በቅሎዋ ከዓይናችን እስክትሰወር ጠበቅሁ። ከዚያ ቀለሆቹን ከማሽላው አውጥቼ ቆጠርኳቸው። ዐሥራ ሁለት ናቸው።

ሙሌቱ ከቀትሩ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ሆነ። ጥይት ሞዩ ቆቦቹን ከቀለሆቹ ቂጥ ገጠመ። ባሩዱን እየሰፈረ ጨመረ፣ በላዩ ስስ የሰም ክብ አስተኛ፣ በከንፈሩ የያዘውን እርሳስ ከቀለሁ አፍ ላይ አስቀምጦ ገፋው፣ የወጣውን የእርሳሱን ጫፍ የቀለጠው ሰም ውስጥ ነከረው። አፉ ስለተያዘ እኛም ሳንናገር አየነው። ሁለቱ ቀለህ አፋቸው ለመጥ ያለ ስለነበር ከተሞሉ በኋላ ሽጉጡ ውስጥ አልገባ አሉ። እነሱን ለእኔ ሰጠኝ። የቀሩትን ዐሥሩን ለልጄ ጨርቅ ላይ ደረደረላት፤ ስድስቱ ለሽጉጡ፣ አራቱ ለመቀነቷ። እሱ የሚመለስበት መንገድ ሩቅ ነውና ጓዳ ገብቶ ጋደም አለ።

ልጄ የምትወጣው ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ከገበያ ወደ አጣዬ በኩል ከሚመለሱት ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ነው። ጀውሃን እንደተሻገረች ከመንገዱ ወደ ቆላው ትገነጠላለች። እኛ ዘንድ ልጅ መንገድ ስትወጣ እናት ራሷን ቅቤ ትቀባታለች። ፀሐዩን ያበርድላታል፣ ዱዓውም በዚያው ይደረጋል። ደግሞ ራሷ ደርቆ ብትሄድ የገበያ ሴት አትመስልም። አስቀመጥኳትና በደንብ አድርጌ ቀባኋት። ሳልጨርስ ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦት በአንገቷ ወረደ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።

ጥይቶቹ አጠገባችን ነበሩ። ሰሙ የሸፈነው እርሳሱን ነው፤ እኔ ያጠራሁት ናስ ራቁቱን ነው። መቀነቷ ውስጥ ላብ አለ፣ ወንዝ ትሻገራለች። ያ አረንጓዴ ተመልሶ ሲወጣባቸው ታየኝ። እጄ ላይ ቅቤ ነበር። አንዱን አንሥቼ «ቢስሚላህ» አልኩና አሸት አሸት አደረግሁት። ከዚያ ሁለተኛውን። ያ ረቢ በሰላም አድርስልኝ እያልኩ ዐሥሩንም ቀባሁ። አልገባ ያሉትን ሁለቱንም ቀባኋቸው፤ እነሱ ብቻ ሳይቀቡ መቅረታቸው ደስ አላለኝም።

ልጄ አንገቷን አዙራ አየችኝ።

«እማ፣ ጥይቱንም ልትሞሽሪው ነው?»

«ዝም በይ። እንዳይዝግ ነው።»

«እንግዲያ ኩልም ኳይው።»

ባለቤቴ አጠገባችን ነበሩ፣ ግን አያዩም። እትዬ ደጅ ናቸው። ጥይት ሞዩ ተኝቷል። ቅቤ እንዳይደርስ የተባልኩት ጠፍቶኝ አይደለም። እሱ ያለው ከሰሙ ጋር እንዳይደባለቅ ነው ብዬ ነበር እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ በዚያች ሰዓት የማደርገው ነገር ዱዓ ይመስለኝ ነበር።

አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት፤ መዳፋቸው ቅቤ ሆነ። ወረቀቱን ጨው ውስጥ ሸሽጋ፣ ጨውዋን ተሸክማ ወጣች። ሴቶቹ መሐል ከገባች በኋላ ከሌሎቹ የምለያት አንገቷ ላይ በሚያበራው ቅቤ ነው። ከዚያ እሱም አልታየኝም።

አብረዋት የሄዱት ሴቶች እስከ ጀውሃ አብራቸው እንደነበረች ነገሩኝ። ከተለየቻቸው በኋላ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ሰምተዋል። አንዲቱ ሁለት ነው አለች። ሌላዋ አንድ ነው አለች። የሽጉጥ ይሁን የጠመንጃ የለየ የለም። ወረቀቱ አልደረሰም። ሬሳ አልተገኘም። ተይዛ ወደ ጣሊያን ሰፈር ስትገባ ያየም የለም፤ እንቁላል ሻጭ መስዬ ሰፈሩ በር ላይ ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ። የሚገቡትን ሁሉ አይቻለሁ፣ እሷን አላየሁም።

ጥይት ሞዩ ተመልሶ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የቀሩትን ሁለት ጥይቶች አመጣሁለት። እንደተቀበለኝ ጣቶቹን አሻሸና አሸተታቸው።

«ቅቤ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሌሎቹንም?»

«ሁሉንም።»

በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ ቁጭ አለ። እርሳሱን በቢላ ፈልቅቆ ባሩዱን መዳፉ ላይ ገለበጠው። የመጀመሪያው አልወጣ አለ፤ ረጥቦ ከቀለሁ ጋር ተጣብቋል። ሁለተኛው ደረቅ ነበር፣ እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ሁለቱንም ብዙ አያቸው።

«የዚህኛው ሰም ደህና ዘግቷል፣ የዚያኛው አልዘጋም» አለ። «እነዚህ አፋቸው የተለመጠ ነው። የእሷ ጥይቶች ደህና ነበሩ።»

«ታዲያ ይተኩሳሉ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። እነዚህ ክረምቱን ሙሉ ቆይተዋል። እሷ የወጣችው በዚያው ቀን ነው።»

ሊያጽናናኝ ብሎ ይሁን እውነቱን ይሁን እሱንም አላውቅም። ሁለተኛ አልመጣም፤ ጣሊያን ሳይወጣ ደጋ ላይ መሞቱን ሰማን። ባለቤቴ መደቡ ላይ ሆነው የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል። እስኪሞቱ ድረስ አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም ከዚያ ወዲህ ማንንም ቅቤ ቀብቼ አልሸኘሁም። የቀሩት ልጆቼ መንገድ ሲወጡ ራሳቸው ደርቆ ሄደዋል። የበኩር ልጄ ባል ነፃነት ሲሆን ከጫካ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱም አላያትም።

ይህን የጻፍኩት ለመጠየቅ ነው። ልጄ ጠይም፣ ቁመቷ መካከለኛ ናት። በግራ ክንዷ ከክርኗ ዝቅ ብሎ የእሳት ጠባሳ አለ። ስትስቅ ዓይኗ ያነባል። የያዘችው ሽጉጥ የእጀታው አንድ ወገን የበሬ ቀንድ ነው። ከጀውሃ እስከ አጣዬ፣ ወይም ወደ አዋሽ በኩል፣ በዚያን ዘመን እሷን ያየ ወይም የቀበረ ሰው ካለ፣ ወይም አባቱ እናቱ ሲያወሩ የሰማ ካለ፣ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወሬውን ይላክልኝ። በሕይወት ካለች አርጅታለች፣ እኔ ግን አውቃታለሁ። ሞታም ከሆነ፣ ሽጉጡ ተኩሶላት እንደሆነ ንገሩኝ።